አገዳውስ?

የግብርና ባለሙያ ሆኜ ወሎ ውስጥ ከሐርቡ በታች ቆላ ቀበሌ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ይቆረቁረኛል።

የዓመቱ ዕቅድ ማሾ የተባለውን ጥራጥሬ በኩታ ገጠም፣ በተያያዙ ማሳዎች ላይ፣ መዝራት ነበር። ያለ ምክንያት አልነበረም። ነባሮቹ ማሽላዎች፣ እነ ደገለትና ጅጉርቲ፣ በሚያዝያ ተዘርተው ኅዳር አካባቢ ነው የሚደርሱት። የበልጉ ዝናብ ከተዛባ ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል። ማሾ ግን ሐምሌ ተዘርቶ በ70 ቀን ገደማ ይነሳል። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ስለሚገበያይ ነጋዴው ይፈልገዋል።

መጋቢት ላይ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ሦስት ጥማድ መሬት አላቸው። ሦስቱንም ለማሾ እንዲያቆዩ ወተወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ጠየቁኝ።

«አገዳውስ ልጄ?»

«የምን አገዳ?»

«ላሚቱ ምን ትበላለች? ምን አነዳለሁ? አጥሬንስ በምን አጥራለሁ?»

«በማሾው ብር ይገዛሉ፣ እናቴ።»

እንዲህ አልኳቸው፤ አፌን ሞልቼ። የያዝኩት ቅጽ ሄክታርና ኩንታል ይጠይቃል፤ አገዳ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

ያን ዓመት ሚያዝያ ዘነበ። የጎረቤት ማሽላ ከሰው ቁመት አለፈ። የእሳቸውም ማሾ አማረ። ግን ሁሉም በአንድ ሰሞን ለቅሞ በአንድ ሰሞን ገበያ አወጣው፤ ዋጋው ወረደ።

ጥቅምት ላይ ስሄድ ልጆቻቸው ጎረቤት ማሳ ዳር ቆመዋል። ጥቅምት የእሸት ወር ነው። ጎተራ ሲራቆት ቤተሰብን እስከ አጨዳ የሚያደርሰው የማሽላ እሸት ነው፣ እሳት ላይ ተጠብሶ፣ በመዳፍ ታሽቶ። ልጆች ደግሞ ጥንቅሽ ይመጥጣሉ። እነዚያ ልጆች የሰው እሸት ያያሉ። ያየሁትን ለማንም ሳልናገር ተመለስኩ።

ጥር ላይ ላሚቱ ተሸጠች። መኖ አልነበረም።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ማድቤት አስገቡኝና ወደ ላይ አሳዩኝ። ከምድጃው በላይ የማሽላ ዛላዎች ተሰቅለዋል፤ በጥላሸት ጠቁረዋል። ጢሱ ከነቀዝ ይጠብቃል።

«ማሾ ዝሪ አልከኝ፣ ዘራሁ። ዘሬን ግን አላወረድኩም» አሉኝ። ቀጥለውም «አብሽር» አሉኝ። እኔን ነው የሚያጽናኑት!

ሚያዝያ ሲመጣ ሁለቱን ጥማድ ደገለት ዘሩ፤ አንዱን ለማሾ አስቀሩ። ቅጹ ላይ እንዳለ ጻፍኩት። ከግርጌው ደግሞ በእጄ መስመር አሰመርኩና «አገዳ» ብዬ ጨመርኩበት።