ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚናደድ ከተማ

ካርታው ዛሬም ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አለቃችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳየዋል፣ እኔ በዚያ ሰዓት ሻይ እጠጣለሁ ብዬ እወጣለሁ።

ሥራው እምቦጭ ነበር። ሕዝቡ ስለ አረሙ ምን ይላል፣ የት ሆኖ ይላል፣ መቼ ይላል የሚለውን ከትዊተር ሰብስቦ ካርታ ላይ ማስቀመጥ። አረሙ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ያልተባለ ነገር ስለሌለ ጽሑፍ አላጣንም። ያንገላታን ፊደሉ ነው። አንዱ እምቦጭ ይላል፣ አንዱ እንቦጭ፣ በላቲን የሚጽፈው ደግሞ እንደፈቀደው ነው። አንዱን ብቻ ከፈለግክ ግማሹ ሰው ዝም ያለ ይመስልሃል።

እሱን ተወጣሁት። የወደቅሁት ቦታው ላይ ነው። ትዊተር ትክክለኛ መገኛን ከጽሑፍ ጋር ማያያዝን በ2019 እ.ኤ.አ. አስቀርቷል፣ ድሮም የሚጠቀምበት ጥቂት ሰው ነበር። ስለዚህ ሰው ፕሮፋይሉ ላይ የጻፈውን ከተማ ወሰድኩ። «ጣና» ብቻ ያሉትን ፕሮግራሙ ሐይቁ መሃል ተከላቸው፣ ጉማሬ ትዊት አያደርግም ብዬ እየሳቅሁ አጠፋኋቸው። ሰዓቱንም ከግሪንዊች 3 ጨምሬ ወደ እኛ አመጣሁ። ኮራሁ።

ባሕር ዳር ላይ ትልቅ ቀይ ክብ ወጣ። ቁጣው ጣሪያ የሚነካው ሌሊት 9 ሰዓት ነው። አለቃዬ ከመቀመጫው ተነሳ። «ሕዝቡ እንቅልፍ አጥቷል!» አለ፣ የሪፖርቱንም ርዕስ ይህንኑ አደረገው።

አንድ ማታ አምሽቼ ስወጣ የግቢያችን ጥበቃ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ምን እንዳስመሸኝ ጠየቁኝ። ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጉራም ነበረበት፣ አልዋሽም።

«ይሄ ቀዩ ምንድነው?»

«የተናደደ ሰው ነው ጋሼ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሌሊት 9 ሰዓት።»

ጠጋ ብለው አዩት።

«በዘጠኝ ሰዓት እዚህ የምንነቃው እኔና ውሻው ነን» አሉ። «እኔ አልተናደድኩም።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ልጄ ዋሽንግተን ናት። በዚሁ ሰዓት ነው የምትደውልልኝ። ለእሷ እኮ ገና ምሽት ነው፣ ከሥራ ገብታ፣ እራቷን በልታ።»

ወሩ ሐምሌ ነበር። የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ያኔ ዋሽንግተን ላይ ማታ 2 ሰዓት ነው። ቤቴ ገብቼ ፕሮፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሰዎቹ «ባሕር ዳር» ሲሉ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ ማለታቸው ነው፣ እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ተኝተዋል ብዬ ነበር። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። አረሙ የጠናበት በሰሜን ምሥራቅ ያለው ዳርቻ፣ ደንቢያና ፎገራ፣ ካርታዬ ላይ ነጭ ነው። መረቡ አረም ውስጥ የቀረበት ዓሣ አጥማጅ አይለጥፍማ፣ ይነቅላል።

በነጋታው ለአለቃዬ ነገርኩት። «ታትሟል» አለኝ። ቀጥሎም «እነሱስ ሕዝብ አይደሉም?»

ናቸው። እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ፣ እስካሁንም የሚከነክነኝ እሱ ነው። ክቡ ግን ባሕር ዳር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። በግርጌ አንድ መስመር ጨምር ተባልኩ፣ በጉንዳን እግር ፊደል ጨመርኩ።

ጋሼ ግን ቀጥለውበታል። አምሽቼ ስወጣ በሩን እየከፈቱልኝ፣ «ዛሬስ በስንት ሰዓት ተናደድን?» ይሉኛል።