የመጀመሪያ ድምፄን የሰጠሁበት የምርጫ ክልል

የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት በ2018 በሀንቲንግተን ከተማ ሲሆን (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከተማዋ ያን ጊዜ በዌስት ቨርጂኒያ ሦስተኛው የኮንግረስ ምርጫ ክልል ውስጥ ነበረች። ለተወካዮች ምክር ቤት የቀረቡት ስሞች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ረጅም ጊዜ ቆሜ አሰብኩ። ያ የምርጫ ክልል ዛሬ የለም፤ ታሪኩን የምጽፈውም «የደቡቡ ሕዝብ በአንድ ጀምበር ሪፐብሊካን ሆነ» የሚለውን አባባል ደጋግሜ ስለምሰማና ትክክል ነው ብዬ ስለማላምን ነው።

ክልሉ የክፍለ ግዛቲቱን ደቡብ ይዞ ከኦሃዮ ወንዝ ዳር እስከ ሎጋን፣ ሚንጎና ማክዳወል ካውንቲዎች የሚዘልቅ የድንጋይ ከሰል አገር ነበር። በ1921 በሎጋን ካውንቲ በብሌር ተራራ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ማዕድን ቆፋሪዎች በማኅበር የመደራጀት መብታቸውን ለማስከበር መሣሪያ አንስተው ተዋግተዋል። ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን ወዲህ ማኅበሩና የዲሞክራት ፓርቲ እጅና ጓንት ሆኑ። በ1960 ጆን ኬኔዲ የዌስት ቨርጂኒያን ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበትን ምርጫ) አሸንፎ ወደ ፕሬዚዳንትነት የሚወስደውን መንገድ ጠረገ፤ በዓመቱም በሙከራ የተጀመረው የምግብ ኩፖን ለመጀመሪያ ጊዜ የታደለው እዚሁ ማክዳወል ውስጥ፣ በዌልች ከተማ ነበር።

ክልሉ «ሦስተኛ» ስለተባለበት ቁጥር አንድ ነገር ማብራራት ያስፈልጋል። ክፍለ ግዛቲቱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በተወካዮች ምክር ቤት ስድስት መቀመጫ ነበራት፤ የሕዝቧ ድርሻ እየሳሳ ሲሄድ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ እየተቀነሰ ከ1993 ጀምሮ ሦስት ብቻ ቀረ። የደቡቡ ከሰል አገር እስከዚያ አራተኛ ይባል ነበር። በ1976 የአራተኛው ክልል እንደራሴ ኬን ሄክለር መቀመጫውን ትቶ ለአገረ ገዥነት ተወዳደረና በቅድመ ምርጫው ተሸነፈ፤ ወዲያው ስሙ በድምፅ መስጫው ላይ ሳይታተም መራጮች በእጃቸው እንዲጽፉለት ጠይቆ ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ ሞከረ። ያሸነፈው ግን የዲሞክራት ፓርቲን ዕጩነት የያዘው የ27 ዓመቱ የቤክሊ ከተማ ልጅ፣ የሊባኖስ ስደተኞች የልጅ ልጅ ኒክ ረሀል ነበር። ሄክለር በእጅ በተጻፈ ስም ብቻ ሁለተኛ መውጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ረሀል ለ38 ዓመታት ከመቀመጫው አልተነሣም፤ የ«አንድ ጀምበር»ን ተረት የሚያፈርሰውም ይኸው ዘመን ነው። በ2000 የዲሞክራቶቹ የፕሬዚዳንት ዕጩ አል ጎር ዌስት ቨርጂኒያን ሲያጣ ይህን ክልል በጠባብ ልዩነት አሸንፎ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት የየክፍለ ግዛቱ ወኪሎች የዌስት ቨርጂኒያን አምስቱን ቢያገኝ ኖሮ፣ ውጤቷ ያከራከረችው ፍሎሪዳ ሳታስፈልገው ፕሬዚዳንት ይሆን ነበር። ከዚያ ተራው የሪፐብሊካን ዕጩዎች ሆነ፤ በ2004 ቡሽ ክልሉን ወሰደ፣ በ2008 ማኬይን ልዩነቱን አሰፋ፣ በ2012 ሮምኒ ከሦስቱ መራጮች የሁለቱን ያህል ድምፅ አገኘ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያው መራጭ በዚያው ወረቀት ላይ ከታች ወረድ ብሎ ረሀልን ይመርጥ ነበር። ሰዉ ፓርቲውን ትቶ ሰውየውን የያዘው ረሀልን ስለሚያውቀው ነበር፤ የከሰል ብናኝ የሚያመጣው የጥቁር ሳንባ በሽታ ካሳው የዘገየበት ቆፋሪ የሚደውለው ለእሱ ቢሮ ነበርና።

በሚያዝያ 2010 በራሌይ ካውንቲ የአፐር ቢግ ብራንች ማዕድን ፈንድቶ 29 ሰዎች ሞቱ። ሐዘኑ ከባድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ምርጫዎች ግን ክርክሩን የያዘው የማዕድን ደኅንነት ሳይሆን የዋሽንግተን የአካባቢ ጥበቃ ደንብ የቆፋሪውን ሥራ አጠፋ ለማለት የወጣው «በከሰል ላይ የተከፈተ ጦርነት» የሚለው የሪፐብሊካኖች መፈክር ሆነ። ሥራውን አስቀድመው የወሰዱት ማሽንና ርካሽ የተፈጥሮ ጋዝ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ቢሆንም በዋሽንግተን የሚወጣው ደንብ ስምና ፊት ስላለው ለቁጣ የሚመች እሱ ነበር። በ2014 ኢቫን ጄንኪንስ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ፓርቲውን ቀይሮ ሪፐብሊካን የሆነው የክፍለ ግዛቲቱ ሴናተር፣ ረሀልን 55 ለ45 በሚጠጋ ውጤት አሸነፈው።

ወደ 2018 ልመለስ። በየካቲትና በመጋቢት በ55ቱም ካውንቲዎች መምህራን ሥራ አቁመው 5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ አስገኙ። ከጎናቸው ጎልቶ የቆመው የሎጋኑ ጡረተኛ ሻለቃ ሪቻርድ ኦጄዳ ነበር፤ ዲሞክራት ቢሆንም በ2016 ትራምፕን መምረጡን ራሱ የተናገረ ሰው ነው። ጄንኪንስ ለአሜሪካ ሴኔት ሊወዳደር ስለወጣ መቀመጫው ክፍት ነበር። ኦጄዳ ትራምፕ ከ70 በመቶ በላይ ባገኘበት ክልል ወደ 44 በመቶ ደረሰ፤ ሪፐብሊካኗ ካሮል ሚለር በ56 አሸነፈች። በ2020 ከ70 በመቶ በላይ አግኝታ ስትደግም የኦጄዳ ዓይነት ተፎካካሪ አልነበራትም።

ክልሉን ያጠፋው ግን ምርጫ አይደለም። በ1950 ወደ 99 ሺህ ሰው የነበረባት ማክዳወል በ2020 ቆጠራ 19 ሺህ ገደማ ቀርቷት ነበር፤ መላዋ ዌስት ቨርጂኒያም ከ1950 ያነሰ ሕዝብ የተቆጠረባት ብቸኛዋ ክፍለ ግዛት ሆነች። ሦስተኛው መቀመጫ በዚያ ተነጠቀ። በ2021 የጸደቀው ካርታ ደቡቡን ከዋና ከተማዋ ከቻርልስተን ጋር ቀላቅሎ «አንደኛ» ሲለው፣ ሚለር የአዲሱ ክልል እንደራሴ ሆና ቀጠለች። የ2018ቱ የመራጭነት ካርዴ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ በኮንግረስ ክልል ቦታ ላይ የታተመው ቁጥር 3 ነው።