ለማስቀበር 5 ደቂቃ፣ ለማስወጣት 7 ወር

ክንድ ላይ ስለሚቀበረው የእርግዝና መከላከያ ይህን የምጽፈው በቅርብ ለምትወልድ ሴት ነው። እኔ ስወልድ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የእርግዝና ክትትሌ ደህና ነበር። ምጡም በሰላም አለፈ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተገላገልኩ።

ነገር የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ ደረቴ ላይ ተኝታ፣ እኔ ገና እየተንቀጠቀጥኩ፣ አንዷ ሲስተር መጣች። "መከላከያ ውሰጂ። ክንድ ላይ የሚቀበረው ኢምፕላኖን ጥሩ ነው፣ 3 ዓመት ያሳርፍሻል" አለችኝ። እሺ አልኩ። በዚያች ሰዓት ምንም ብባል እሺ ነው የምለው። ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው ሉፕ አልነገረችኝም፤ ስለ መርፌውም፣ አጥቢ እናት ስለምትወስደው ኪኒንም። ደም ሊመላለስ እንደሚችልም አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅኩም፤ በዚህ ዛሬም ራሴን እወቅሳለሁ።

በሁለተኛው ወር ደም ጀመረኝ። ሦስት ቀን ይቆማል፣ ዐሥር ቀን ይፈሳል። ልጄ ክርስትና የምትነሳበት 80ኛ ቀኗ ደረሰ። ጠዋት ስነሳ ልብሴ ላይ ደም አየሁ። እማዬ ልጄን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ገባች። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ደጅ ቆምኩ። ልጄ ስታለቅስ ይሰማኛል። ያን ቀን ማንም አይመልስልኝም።

በሳምንቱ ሄጄ "አውጡልኝ" አልኩ። "ይለመዳል፣ ታገሺ" ተባልኩ። ታገስኩ። በአምስተኛው ወር ስመለስ "3 ዓመት ሳይሞላው አይወጣም። ባልሽ ነው እንዴ አስወጪ ያለሽ?" አለችኝ ሲስተሯ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። በሰባተኛው ወር ደግሞ "የሚያወጣው ባለሙያ ሥልጠና ላይ ነው" ተባልኩ። መቼ ይመለሳል ብል መልስ የለም።

3 ዓመት የመድኃኒቱ ዕድሜ ነው እንጂ የሴትየዋ ግዴታ አይደለም። በማግሥቱም ቢሆን ይውጣልኝ ካለች መብቷ ነው። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ እዚያው ቆሜ እከራከር ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ያ ግቢ አስጠላኝ። ልጄ 9 ወር ሲሞላት የኩፍኝ ክትባቷን "ሳምንት እወስዳታለሁ" እያልኩ አንድ ወር አሳለፍኩ። እነሱ እኔን ቢያስቀይሙኝ ልጄ ምን አደረገች?

በመጨረሻ ሌላ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አዋላጇ ነርስ ለምን እንደዘገየሁ ጠየቀችኝ። እንባዬ መጣ፤ ሁሉንም ነገርኳት። "ነይ ግቢ" አለችኝ። ክንዴን ዳሰሰች። ማደንዘዣ ወጋችኝ፣ ትንሽ ሰነጠቀችና በጣቷ ጫን ስትለው ብቅ አለ። ፋሻ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። 4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከክብሪት እንጨት አይበልጥም። 10 ደቂቃ አልፈጀም።

መቅበር የሚችል ሁሉ ማውጣት እንደማይችልም ያወቅኩት ከእሷ ነው። በ2001 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን መቅበር ሲጀምሩ፣ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ነበር የተተወው። ስለዚህ ክንዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ማን እንደሚያወጣላችሁ ጠይቁ።

ባለሙያዎች እዚያው እንደወለድሽ ውሰጂ ይላሉ። ተመልሳ ካልመጣችስ ብለው ነው፤ ይገባኛል። እኔ ግን ማዋለጃ አልጋ ላይ አትወስኑ እላለሁ። በክትትሉ ጊዜ፣ ልባችሁ ሳይጨነቅ ጠይቁና ወስኑ። ካልወሰናችሁ ለልጁ የ45 ቀን ክትባት ስትሄዱ ይደርሳል። እስከዚያ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የምታጠባ፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ ሴት ማጥባቱ ራሱ ይከላከልላታል። ይህም እስከ 6 ወር ብቻ ነው። የቆርቆሮ ወተት ጣልቃ ከገባ አትመኑት፤ የወር አበባ ሳይመጣም ይረገዛል።

ኢምፕላኖን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የባለቤቴ እህት ተስማምቷት ሁለተኛዋን አስቀብራለች።

እኔ የመዳቡን ሉፕ መረጥኩ። ሆርሞን የለውም፣ ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላል። "የወር አበባሽን ሊያበዛው ይችላል፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ" አለችኝ ነርሷ። "ማስወጣት ብፈልግስ?" አልኳት። "በመጣሽበት ቀን" አለችኝ።

እውነትም የመጀመሪያዎቹን ወራት በዛብኝ። ግን አልደነገጥኩም፤ ነግራኛለቻ።