ከዕቃ ቤት የወጣው በገና

ደብረ ብርሃን ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። የዘወትር ሥራዬ አልጋና ቁም ሳጥን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ መምሬ ከመንዝ በባና የተጠቀለለ ነገር ይዘውልኝ መጡ። ስፈታው በገና ነው። የደብሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ከርሞ ቆዳው ተቀዷል፣ ገበቴው (ከታች ያለው የድምፅ ሣጥን) ተሰንጥቋል፣ ከአሥሩ አውታር የቀረው ሦስቱ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ለሁዳዴ ይደርስልኛል?» አሉኝ። ሁለት ወር ነበረን። እሺ አልኩ።

ሁለቱ የጎን ምሰሶዎችና ከላይ የሚያገናኛቸው ቀንበር ደህና ነበሩ። አውታሩ የሚወጠርባቸውን መቃኛዎች ከወይራ ጠረብኩ። የተሳሳትኩት ቆዳው ላይ ነው። የገበቴውን ስንጥቅ በኮላ ደፈንኩና ተነክሮ ያደረ የበሬ ቆዳ ወጥሬ ሰፋሁበት። ቶሎ ይድረቅ ብዬ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣሁ «ቷ!» ሲል ሰማሁ። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በፀሐይ ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ ይብሳል። ስንጥቁ ከበፊቱ ሰፍቶ አገኘሁት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው።

ስፌቱን ፈትቼ ከዜሮ ጀመርኩ። ስንጥቁን በቀጭን የዋንዛ ልጥፍ ደግፌ ሳምንት አሳደርኩት። አዲሱን ቆዳ በጅማት ሰፍቼ እርጥብ ጨርቅ እያለበስኩ ጥላ ውስጥ ተውኩት። የደብረ ብርሃን ብርድ ለዚህ ጠቀመኝ። ቀስ እያለ በአምስት ቀን ደረቀ።

ለአውታሩ ናይሎን አስቤ ነበር። መምሬ በስልክ «የመንዝ በግ ባለበት አገር?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። የበግ አንጀት አጥቤ፣ ስቡን ልጬ፣ በእርጥቡ ገምጄ በሁለት ችንካር መካከል ወጠርኩት። አብዛኛው ደርዳሪ የሚመታው ስድስቱን ነው፤ አራቱ የጣት ማረፊያ ናቸው። ቢሆንም መምሬ አንዱም እንዳይጎድል አስጠነቀቁኝ። አሥሩ አውታር አሥሩ ትእዛዛት ናቸው።

ሁሉን ገጥሜ ስነካው ክራር መሰለ። ያ ደረት ውስጥ የሚነዝረው ድምፅ የለም። ሳምንት ሙሉ አውታር ስቀያይር ከረምኩ። ለካ ነገሩ ያለው እንዚራው ላይ ነው። እንዚራ አውታሩ በርኩማው (ገበቴው ላይ አውታሮቹን ደግፎ የሚይዘው እንጨት) ላይ በሚያርፍበት ቦታ መካከላቸው የሚገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። አውታሩ ሲርገበገብ በርኩማውን እየነካካ እንዲነዝር የሚያደርገው እሱ ነው።

መምሬ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አንዷን ቆዳ በጥፍራቸው ጫፍ ወደ ኋላ ገፋ አደረጓትና አውታሩን ነኩ። ዝም። ወደ ፊት ሳቡ። አሁንም ዝም። ከዚያ የፀጉር ያህል መለስ ሲያደርጓት «እዝዝዝ» አለ፤ የተቀመጥኩበት እንጨት ሳይቀር ነዘረ። የቀሩትን ዘጠኙን እኔ እንድሞክር ተዉልኝ። እስኪመሽ ፈጀብኝ።

አሁን አሮጌ በገና ይዞ የሚመጣ ካለ መጀመሪያ እንዚራውን ነው የማየው። አውታር እቀይራለሁ ብዬ አልቸኩልም። ገበቴውንም ቫርኒሽ አልቀባም። አሮጌውን በርኩማ ደግሞ እንኳንም አልጣልኩት። አውታሮቹ በዘመናት የቦረቦሩት ቦታ አለው፤ አዲሶቹም እዚያው ገብተው አረፉ።

ዘወረደ ሁለት ቀን ሲቀረው በገናው በባናው ተጠቅልሎ መኪና ላይ ወጣ። የተረፈችኝን አንድ ጥቅል አንጀት ለመጠባበቂያ በመምሬ ኪስ ከተትኩላቸው።