ሁለተኛ ባትሪ በአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ፦ የቆጠብኩበትና መቆጠብ ያልነበረብኝ ቦታ

ሥራዬ ቅየሳ ስለሆነ በዓመት ውስጥ ብዙ ሌሊቶችን ከአዲስ አበባ ውጭ አድራለሁ። መኪናዬ አሮጌ የናፍጣ ላንድክሩዘር ናት፤ የመሣሪያዎቼን ባትሪዎችና ላፕቶፔን የምሞላው፣ የድንኳኑን መብራት የማበራው፣ ትንሿን ማቀዝቀዣ የማሠራው ከእሷ ነው። አንድ ቀን አዋሽ አካባቢ አድረን ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ሞተሪኖ «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ፤ ማቀዝቀዣዋ ሌሊቱን ያለውን ኃይል ሁሉ ጨርሳው ነበር። ከብት የሚጠብቁ ወጣቶች ደርሰው ገፍተው ባያስነሱልን ኖሮ ፀሐዩ እስኪበረታ ድረስ እዚያው በቀረን ነበር። ለሞተሩ ማስነሻ ብቻ የሚውል አንድ ባትሪ፣ ለማደሪያው ደግሞ ሌላ ባትሪ እንደሚያስፈልገኝ የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

ገንዘቤ ግን ውስን ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሶማሌ ተራ ጠይቄ የሄድኩት ዋጋ በሳምንቱ ስመለስ አልጠበቀኝም፤ ስለዚህ ወጪዬን በብር ከምዘረዝር በድርሻ ብናገር ለአንባቢ ይበልጥ ይጠቅማል። ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ ያህሉ ለባትሪው ዋለ፤ ከሩብ የሚበልጠው ለኬብልና ለጫፎቹ ሄደ፤ ማገናኛው፣ ፊውዞቹና ብየዳው የቀረውን ተካፈሉት። ከዲናሞ የሚመጣውን ኃይል አስተካክሎ ሁለተኛውን ባትሪ የሚሞላ ዲሲ ዲሲ ቻርጀር ብቻውን የተጠየቅኩበት ዋጋ ይህን ሁሉ የሚያህል ስለነበር ተውኩት። ሆኖም ዲናሞዋን ኮምፒውተር የሚቆጣጠራት አዲስ መኪና ያለው ሰው፣ ወይም ሊቲየም ባትሪ የሚገጥም ሰው፣ ያለዚያ ዕቃ ባይሞክረው ይሻለዋል። የእኔዋ ዲናሞ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ 14.2 ቮልት አካባቢ ሳታቋርጥ ስለምትሰጥ ቀላሉ መንገድ፣ ሁለቱን ባትሪዎች በኬብልና በማገናኛ ማያያዝ፣ በቃኝ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። ሰፈሬ አጠገብ ያለ አንድ ጋራዥ በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ለፊት መብራት በሚያገለግል ባለ 30 አምፔር ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሁለቱን ባትሪዎች አገናኘልኝ፤ ፊውዝ የሚባል ነገር አላደረገበትም። ሦስት ሰዓት ተጉዘን ካደርን በኋላ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ማቀዝቀዣዋ ጠፋች። ጥፋቱን በባትሪው ላይ ጥዬ ሌላ ልገዛ ስል፣ የማውቃቸውን አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ላማክር ሄድኩ። እኚህ ሰው ለብዙ ዓመታት ፒያሳ ነበር የሚሠሩት፤ አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ወደ መርካቶ በኩል ዞረዋል።

«ጋሼ፣ ባትሪው አይሞላም» አልኳቸው።

«አይሞላም ወይስ አልሞላኸውም?» አሉና ሞተሩን አስነሣ ብለው የቮልት መለኪያ ቴስተራቸውን አወጡ።

ፊት ለፊት፣ ዋናው ባትሪ ላይ ሲለኩ 14.2 ቮልት አሳየ። ኋላ ሄደው ሁለተኛው ባትሪ ላይ ሲለኩ ግን 13.2 ብቻ ሆነ። አንድ ሙሉ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ሪሌውን እንድነካው ሲነግሩኝ ጣቴን ሊያቃጥለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ውፍረቱ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ 0.0175 ኦም ገደማ ይቃወማል። ከፊት እስከ ኋላ 5 ሜትር፣ ሲመለስ ሌላ 5 ሜትር፣ በጠቅላላው 10 ሜትር ይሆናል፤ ይህን በ6 ስናካፍለው 0.029 ኦም ይወጣል፤ 30 አምፔር ሲያልፍበት 0.9 ቮልት ገደማ ይበላል። የቀረውን ሪሌውና ያልጠበቁት ጫፎች በልተውታል። ሽቦው 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ በዚያው ርቀት የሚጠፋው 0.15 ቮልት ብቻ ነው። እርሳስና አሲድ ያለበት ባትሪ በሚገባ የሚሞላው ከ14 ቮልት በላይ ሲያገኝ በመሆኑ፣ ያቺ አንድ ቮልት ባትሪዬን ሁልጊዜ እንደተራበ ታኖረው ነበር። ለሽቦ የቆጠብኩት ገንዘብ ደህና ባትሪ ሊያስጥለኝ ነበር።

ስለዚህ መርካቶ ወርጄ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር የብየዳ ኬብል በሜትር ገዛሁ። የብየዳ ኬብል ከቀጫጭን ክሮች ስለሚገመድ እንደ ልብ ይተጣጠፋል፤ ለመኪና ተብሎ ከሚሸጠውም በዋጋ ይቀንሳል። ከመግዛት በፊት ግን የአንዱን ክር ጫፍ በቢላ መፋቅ ይገባል። ከጠየቅኳቸው ሦስት ሱቆች በአንደኛው ያየሁት ኬብል ላዩ እንደ መዳብ ቢያብረቀርቅም ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ አሉሚኒየም ነው። ካፒኮርዳዎቹን (በኬብሉ ጫፍ የሚገቡትን ማሰሪያ ብረቶች) እኔ በፒንሳ ልጨፈልቃቸው ስል ጋሼ ከለከሉኝና በሃይድሮሊክ መጭመቂያ አስጨመቁልኝ፤ ከዚያም እያንዳንዱን በሙሉ ኃይሌ እንድጎትተው አዘዙኝ። አንዱ ወለቀ። ያ ጫፍ ሳይጎተት ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ በኮረኮንች መንገድ ላይ ሲወልቅ የት እንደሚያርፍ ማሰብ ያስፈራኛል።

ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። በተለመደው አሠራር ኃይል የሚመጣው ከአንድ ወገን ሲሆን፣ እዚህ ግን ኬብሉ በሁለቱም ጫፉ ከባትሪ ጋር የታሰረ ነው፤ መሐል ላይ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳቱ ከሁለቱም በኩል ይመጣል። ባለ 100 አምፔር ፊውዝ ከየባትሪው ከስንዝር ሳይርቅ አስገባሁ፤ ኬብሉንም ከዳር እስከ ዳር በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳለፍኩት።

በሪሌው ምትክ ለረጅም ሰዓት ተያይዞ እንዲቆይ የተሠራ ባለ 100 አምፔር ሶሌኖይድ፣ ማለትም ከፍ ያለ ኃይል የሚያሳልፍ ሪሌ፣ ገጠምን። ሲያዩት ከሞተሪኖ ሶሌኖይድ ጋር ይመሳሰላል፤ የሞተሪኖው ግን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ተያይዞ ከቆየ ይቃጠላልና ሲገዙ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኃይል የሚያገኘው ቁልፉ ሲዞር ነው፤ በዚያ ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ አበራዋለሁ፤ ቁልፉን ሳወጣ በራሱ ይለያያል።

ባትሪውን ያገለገለ ገዛሁ፤ ለመጠባበቂያ ኃይል ሲውል የነበረ፣ አሲዱ የማይፈስ፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ድፍን ባትሪ ነው። ጋዝ በሚያወጣ ክፍት ባትሪ አጠገብ መተኛት ስለማልፈልግ በዚህ አልተደራደርኩም። ሻጩን አስቀድሜ «በሁለት ቀን ውስጥ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብዬ አስማማሁት፤ ይህም ጠቀመኝ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የወሰድኩት በቴስተር 12.7 እያሳየ በ55 ዋት የፊት መብራት አምፖል ስፈትነው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሞተ። ሁለተኛውን ሞልቼ ካሳደርኩት በኋላ በዚያው አምፖል አሥር ሰዓት አበራሁት። አምፖሉ 4.6 አምፔር ገደማ ስለሚወስድ በአሥር ሰዓት ግማሽ ያህሉን አወጣሁ ማለት ነው። አሳርፌ ስለካው 12.2 አሳየ፤ እኔም ከዚያ በታች አላወርደውም።

መቀመጫውን ከብረት አስበይጄ ከወለሉ ጋር በብሎንና በዳዶ አሰርኩት፤ 30 ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ መኪና ሲዘል ሊወረወር አይገባም። ወለሉን ከመብሳቴ በፊት ከሥር ገብቼ ባላይ ኖሮ ግን አንደኛው ቀዳዳ የናፍጣ ታንኩ ላይ ያርፍ ነበር።

ባለፈው ጊዜ ባሌ፣ ሳነቴ አምባ አጠገብ አድረን ነበር፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ስለሚበልጥ ጠዋቱ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ዋናው ባትሪ አርጅቶ ስለነበር 11.9 ቮልት ላይ ወርዶ አገኘሁት። ሞተሩን ሳላስነሣ ቁልፉን ብቻ አዞርኩና ማብሪያውን ተጫንኩ፤ ሁለተኛው ባትሪ ዋናውን ለአሥራ አምስት ደቂቃ መገበው። የሞተሪኖው ጉተታ ፊውዙን እንዳያቃጥለው ማብሪያውን መልሼ አጠፋሁና ካንዴላዎቹ እስኪሞቁ ጠብቄ አስነሣሁት። በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። አዲስ አበባ ስመለስ ዋናውን ባትሪ ቀየርኩት፤ ያገለገለው ሁለተኛው ግን ትናንት ስለካው አሁንም 12.7 ላይ ነው።