የሻንሲ ቁጥሩን በስቱኮ የቀበርኩት እኔ ነኝ

ያማሃ ኤጂ 100ን ስሟን ባታውቋት እንኳ አይታችኋታል። የግብርናና የጤና ባለሙያዎችን ይዛ ከቀበሌ ቀበሌ ስትዞር የኖረች ሞተር ናት። ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ በክዳን ተሸፍኗል። ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። ማቆሚያ እግሯ እንኳ በግራም በቀኝም ነው፣ ገጠር መሬቱ የት እንደሚያዘነብል አይታወቅማ። መልክ ግን የላትም።

እኔ አንዷን ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ገዛኋትና ሐዋሳ አምጥቼ "ካፌ ሬሰር"፣ ማለትም መሪዋ ዝቅ ያለ፣ ቀለል ያለች የፍጥነት ሞተር፣ ላደርጋት ተነሳሁ። የእርሻ ሞተር! ሳስበው አሁንም ያስቀኛል።

ዕቃ መጫኛዎቹን ፈታሁ። የኋላ ፓራፋንጎውን አሳጠርኩ። መቀመጫውን የባጃጅ ወንበር የሚሰፋ ልጅ በቡናማ ቆዳ ሠራልኝ፣ ጎበዝ ነው። መሪውን ዝቅ አደረግሁ። ማርሚታውን እንቁረጠው ሲሉኝ ብቻ እምቢ አልኩ። ቱ ስትሮክ ሞተር ላይ የማርሚታው ቅርፅ ለድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከውስጥ ተመልሶ የሚመጣው ግፊት ሊያመልጥ ያለውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ቆርጠህ ጣለው፣ ጩኸቱ ብቻ ይተርፍሃል፣ ጉልበቱ ይሄዳል። በሕይወቴ በዚህች ሞተር ላይ ያሰብኩት ብቸኛው ነገር ይሄ ነው መሰለኝ።

ከዚያ ቀለም። ነጭ ነበረች፣ ጥቁር እንድትሆን ፈለግሁ። ቀለም ቀቢው ሻንሲዋን በግራይንደር አጸዳ፣ ጎርበጥባጣውን በስቱኮ ደለደለ፣ ቀባ። ሳያት አላመንኩም። አንገቷ ላይ፣ መሪው የሚገባበት ቦታ፣ እንደ መስታወት ለስልሷል። እጄን እየዳበስኩ "ዋው" አልኩ። እዚያው የዳበስኩት ቦታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ነበር።

ይሄ የገባኝ ለቦሎ ምርመራ ስሄድ ነው። መርማሪው ሊብሬውን አየ፣ ሞተሯን አየ፣ ጎንበስ አለ፣ የስልኩን መብራት አበራ።

"ወንድሜ፣ ቁጥሩ የታለ?"

"እዚህ ጋ ነበር።"

"ነበር?"

ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ እዚያው ግቢ ውስጥ ፈገፈግሁት። ጥቁሩ ለቀቀ፣ ስቱኮው ለቀቀ፣ ቁጥሮቹ ብቅ ማለት ጀመሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን የሉም። ግራይንደሩ በልቷቸዋል። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል ብዬ ተከራከርኩ። ሞተር ይቀየራል፣ ሻንሲ ነው ዋናው አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግን አነጋገሩ እስካሁን ያናድደኛል። "ለምን አስነካኸው?" "ቀለም ላስቀባ።" "ለምን?" "እንዲያምር።" ከአጠገቡ ወዳለው ባልደረባው ዞሮ "እንዲያምር ነው አለ" አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው አራት ወር ነው። ፖሊስ ይመርምረው ተባለ። ፖሊስ የጨረታውን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አምጣ አለ። መሥሪያ ቤቱ ፋይሉ የገባበት ጠፋው፣ ፋይሉ ሲገኝ ፈራሚው ስልጠና ሄዷል። ደብዳቤው ሲወጣ አንድ ፊደል ተሳስቶ ወጣ። ተመለስኩ። በመጨረሻ የፖሊስ ባለሙያው ቦታውን በአሲድ አሸው። ቁጥር ሲመታ ከሥር ያለው ብረት ስለሚጨመቅ፣ ላዩ ቢሞረድም ጥላው አይጠፋም። ሁለቱ ቁጥሮች ቀስ እያሉ ሲወጡ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳኋቸው። በዚያን ቀን ከዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም። ደስ ብሎኝ ስመለስ ደግሞ ሊብሬው "ነጭ" ይላል ተባልኩ። ቦሎውም ጊዜው አልፏል፣ ቅጣት አለው።

የትራንስፖርት ቢሮው "ቀለም ስትቀይር አመልክት" ይላል። እኔ የምለው አትቀይር ነው። ሊብሬው ነጭ ካለ ነጭ ቅባ፣ የፈለግኸውን ጌጥ መቀመጫው ላይ አድርግ። ሻንሲ ከመነካቱ በፊት ቁጥሩ ላይ ወረቀት አድርገህ በእርሳስ ፈግፍግና ቅጂውን ያዝ። ከዚያ ቦታውን ግራሶ ቀብተህ በፕላስተር ሸፍነው። ቀለም ቀቢው "እጠነቀቃለሁ" ይልሃል፤ አትመነው። የእኔውም ብሎኝ ነበር።

የካቴናውን ክዳንም አንስቼው ነበር፣ ካቴናው ሲታይ ያምራል ብዬ። ክዳኑ ለካ አቧራና ጭቃ እንዳይገባ ነው። አሁን ክረምት ከገባ በየሁለት ቀኑ ካቴና አጥባለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ፣ ሱሪዬም አብሮ ይቀባል። ሌላ ክዳን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ምናለሽ ተራን ዞርኩት፣ አጣሁ። የራሴን ለልዋጭ ሰጥቼ ሰማያዊ ሳፋ ተቀብዬበታለሁ። ካቴናውን የማጥበው በእሱ ነው።