ባቄላውን የመታ ውርጭ

ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ አንድ የደጋ ቀበሌ፣ ጥቅምት እንደገባ፣ አንዲት ፒካፕ 500 የዓሣ ጫጩት ጭና ደረሰች። ጫጩቶቹ ቀረሶ ነበሩ፤ ባለሙያዎች ቲላፒያ የሚሉት። ኩሬው 20 ሜትር በ10 ሜትር ሆኖ በረባዳ ቦታ ተቆፍሯል፤ የክረምቱ ጎርፍ ሞልቶታል፣ ከበላዩ ያለች ቀጭን ምንጭም ትደጉመዋለች። ጥልቀቱ 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

የጉዞው ዝግጅት እንከን አልነበረውም። ጫጩቶቹ ከመጫናቸው 24 ሰዓት በፊት መኖ ተከልክለዋል፤ ሆዱ የሞላ ጫጩት መንገድ ላይ እዳሪውን ይጥላል፣ በዚያች ጥቂት ውሃ ውስጥ የሚፈጠረው አሞኒያም መልሶ እሱን ይገድለዋል። እያንዳንዱ ድርብ ፕላስቲክ ከረጢት ሲሶው ውሃ፣ ቀሪው ኦክስጅን ሆኖ በላስቲክ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። በአንዱ ከረጢት 100 ጫጩት አለ። መንገድ ላይ የሞተው ከአሥር አይበልጥም።

ነገር የተበላሸው ኩሬው ዳር ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል፣ የከረጢቱ ውሃ 24 ዲግሪ፣ የኩሬው ደግሞ 16 ዲግሪ ነው። ሹፌሩ እንዳይመሽበት ይቻኮላል፣ ለምርቃቱ የተጠሩት እንግዶችም ፎቶ ሊነሱ ቆመዋል። ከረጢቶቹ ተከፍተው ጫጩቱ በአንድ ትንፋሽ ተገለበጠ። በማግስቱ ጠዋት ወደ 60 የሚሆኑት ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ።

ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት ከውሃው ነው የሚያገኘው፤ ስምንት ዲግሪ በቅጽበት ሲወርድበት ጡንቻውም እስትንፋሱም ይታወካል። ስለዚህ ከረጢቱ እንደታሰረ ኩሬው ላይ ለ30 ደቂቃ ያህል ይንሳፈፋል። ከዚያ አፉ ይከፈትና የኩሬው ውሃ በጣሳ፣ በየአምስት ደቂቃው ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይጨመርበታል። የሁለቱ ውሃ ልዩነት ከሁለት ዲግሪ በታች ሲሆን ከረጢቱ ወደ ጎን ይጋደማል፤ ጫጩቱ በራሱ ጊዜ ዋኝቶ ይወጣል። ልዩነቱ እንደዚህ ቀን ስምንት ዲግሪ ከሆነ ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፎቶው ከዚያ በኋላም ይደርሳል።

የቀሩት 430 ያህል ጫጩቶች ጥቅምትን ተሻገሩ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ግን ወደ መኖው መምጣት ተዉ። የኩሬው ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ገበሬ፣ ርቧቸው የደከሙ መሰላቸውና የፋጉሎና የፉርሽካውን ድብልቅ ጨመሩላቸው። ለዚያ ሁሉ ጫጩት፣ አንዱ ሦስት ግራም ቢመዝን፣ በሞቃት ውሃ እንኳ የቀን መኖው የክብደታቸው 5 በመቶ፣ ማለትም 65 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ እፍኝ። እሳቸው በጣሳ ሰጡ። ያልተበላው ከታች ተከማችቶ ሸተተ፣ ውሃውም ጠቆረ። በሳምንቱ ጫጩቶቹ በጎናቸው እየተኙ፣ ቆዳቸው ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ሻጋታ እያወጡ ያልቁ ጀመር።

ባለሙያው ሰኞ ጠዋት ደረሰ።

«ጋሼ፣ ውሃው ውስጥ የገባ ነገር አለ? መድኃኒት፣ ሳሙና?»

«ኧረ ምንም የለም ልጄ። እኔ እንኳ የደነገጥኩት በባቄላዬ ነበር፤ ይኸው በዚሁ ሳምንት ውርጭ መታው። ረባዳውን ሁሌም ቀድሞ ነው የሚመታው።»

«ይኼን መቼ ነገሩኝ?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ባለሙያው ቴርሞሜትሩን አወጣ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነበር፤ ከላይም ከታችም ሲለካው ውሃው 9 ዲግሪ ሆነ።

ቀረሶ የሞቃት ውሃ ዓሣ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ያድጋል። ከ20 ዲግሪ በታች መብላቱ ይቀንሳል፣ ወደ 16 ሲወርድ ጭራሽ ይተዋል፤ 10 እና 11 ዲግሪ ላይ ይሞታል። ቅዝቃዜ መጀመሪያ የሚያዳክመው በሽታ መከላከያውን በመሆኑ ነጩ ሻጋታ የተዳከመውን ዓሣ ተከትሎ የሚመጣ እንጂ ዋናው ገዳይ አይደለም። ለሻጋታው ጨው መበተን ለጊዜው ያግዝ ይሆናል፤ ውሃውን ግን አያሞቀውም።

ታዲያ ቦታው ሲጠና ይህ እንዴት ታለፈ? ውሃው የተለካው በሚያዝያ ወር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከላይ ከላዩ ነበር። 21 ዲግሪ ሆነ፤ ቅጹ ላይ «ለቀረሶ ተስማሚ» ተብሎ ተጻፈ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ሰዓቱና ወሩ ናቸው ያሳሳቱት። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከፍታው 2800 ሜትር ገደማ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቅቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ኩሬ የሚቆፈረው ውሃ በሚያቁርበት ረባዳ ነው። ውሃ የሚወርድበትን ቦታ የመረጠ ሰው ውርጭ የሚወርድበትንም አብሮ መርጧል። በዚያ ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሌሊቱን ሙሉ እስከ ታች ይቀዘቅዛል። ኩሬው ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ቢጠልቅ ኖሮ ሙቀቱ እንዲህ በአንድ ሌሊት ባልወረደ፤ ቢሆንም ቀረሶን በዚያ ደጋ ክረምት ከበጋ አያኖረውም።

ጉዳዩ በስብሰባ ሲነሳ፣ እንደተለመደው፣ አንዱ ብድግ ብሎ «ቀዝቃዛ ከሆነ ትራውት እናስገባ! ባሌ ተራራ ላይ አለ አይደል?» አለ። እውነትም አለ፤ ይህ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ ወንዞች፣ በዌብና በዳንካ ውስጥ፣ ረብቷል፤ መንጠቆ ይዘው የሚሄዱበት ሰዎችም አሉ። ሙቀቱም ይስማማዋል፤ ትራውት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ባለ ውሃ ይመቸዋል። ሰዎች የሚረሱት ኦክስጅኑን ነው። በ2800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ወደ ሰባት አሥረኛ ዝቅ ስለሚል፣ 15 ዲግሪ የሆነ ውሃ እስኪጠግብ ቢይዝ እንኳ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ነው የሚይዘው፤ በባሕር ወለል 10 ይይዛል። ትራውት ከ6 በታች ሲሆን ይቸገራል። ቆሞ የሚያድር፣ አረንጓዴ የለበሰ ኩሬ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ራሱ ኦክስጅኑን ስለሚጠቀም ሊነጋጋ ሲል ከዚያ በብዙ ይወርዳል።

የባሌው ትራውት የሚኖረው ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ በሚወርድ ውሃ ውስጥ ነው። እንቁላሉንም የሚጥለው በጠጠር መሃል ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ደለል ከሸፈነው ይታፈናል። በኩሬ ወይም በቦይ ለማርባት ለአንድ ቶን ዓመታዊ ምርት በሰከንድ 10 ሊትር ገደማ የማያቋርጥ ፈሳሽ ውሃ ያስፈልጋል። ያቺ ቀጭን ምንጭ በመጋቢት ምን ያህል እንደምትሰጥ ለማወቅ 20 ሊትር ጀሪካን ከሥሯ አስቀምጦ ሰዓት መያዝ ይበቃል። ባለሙያው ያንን አደረገ፤ ጀሪካኑ የሞላው በሁለት ደቂቃ ነው። በሰከንድ የአንድ ሊትር ስድስተኛ መሆኑ ነው። የትራውት ወሬ በዚያው ቀረ።

ወንዝ ላይ ልልቀቀው የሚልም አይጠፋም። ትራውት ሥጋ በል ነው፤ ትንንሾቹን የወንዝ ዓሦች ይለቅማል። የአካባቢው ወንዝ በረሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ስለሚሄድ አንዴ የተለቀቀን ነገር መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። (ሳልመንን የጠየቀም ነበር። ሳልመን ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ ባሕር ሄዶ የሚያድግ፣ ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው። የጀማ ውሃ በዓባይ በኩል ሜዲትራኒያን መድረሱ እውነት ነው፤ መንገዱን ግን ለሳልመን አይመክሩትም።)

ለቀረሶው መፍትሔው ቁልቁል ነበር። ያው ዞን ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ቆላ ነው፤ እዚያ በሞቃት ውሃ ቀረሶ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ለምግብ ይደርሳል። የሚቀጥለው ዙር ጫጩት ወደዚያ ሄደ።

ለደጋው ኩሬ ደግሞ ካርፕ ተመረጠ፤ ዝዋይ ላይ ዱባ የሚሉት። ውርጩን ይችላል፣ ከ10 ዲግሪ በታች ዝም ብሎ ከታች ይተኛል፤ ሲሞቅ ይበላል። ዕድገቱ ቀርፋፋ ነው፣ ውሃው 17 እና 18 ዲግሪ ካልደረሰም ስለማይራባ ጫጩት በየጊዜው መግዛት ያስፈልጋል። ጭቃ እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ ጠርዙንም ይሸረሽራል። ትርፍ ውሃ መውጫው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ካልተደረገ በክረምት ጎርፍ ወደ ወንዙ ያመልጣል፤ ወንፊቱ ደግሞ በየዕለቱ ቅጠሉ ካልተጠረገለት ይደፈንና ውሃው በግድቡ ላይ ይፈሳል። ከሁለቱ ጣጣዎች መጥረጉ ይቀላል። ኩሬው ወደ 1.4 ሜትር ተቆፈረ፣ መኖውም ከ12 ዲግሪ በታች በሆነ ጠዋት እንዳይሰጥ ተነገረ።

ቦታውን ያስጠናው ጽሕፈት ቤትም የቦታ ጥናት ቅጹን ቀየረ። ሙቀት አሁን የሚለካው ሁለት ጊዜ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከላይና ከታች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሳይታለፉ። ከሁሉም በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ ቴርሞሜትር የማይጠይቅ አንድ ጥያቄ ገብቷል፦ «በዚህ ረባዳ ባቄላ ውርጭ የሚመታው በየትኛው ወር ነው?»